በችካልና በሲባጎ፦ የሞዴል ጀልባን ፍጥነት ስለ መለካት

በርቀት መቆጣጠሪያ የሚነዳ የእሽቅድምድም ሞዴል ጀልባ የገዛ ሰው ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ የሚያየው በጉልህ የተጻፈውን ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ጀልባዋን ውሃ ሳያስነኩ በስሌት ብቻ ማግኘት ይቻላል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 2,000 ጊዜ የሚዞር፣ ባትሪው 14.8 ቮልት፣ ፕሮፔለሩም በአንድ ዙር 56 ሚሊ ሜትር ወደፊት እንዲገፋ የተቀረጸ ነው እንበል። ሦስቱ ሲባዙ በሰዓት 99 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስሌቱ አልተሳሳተም። ነገር ግን ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትወጣ ሞተሩ ሸክም ይሰማውና ዙሩ ይቀንሳል፤ የባትሪውም ቮልት ይወርዳል። ፕሮፔለሩ ደግሞ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ውሃውን ነክሶ አይሄድም፤ ይንሸራተታል። ትክክለኛውን ፍጥነት የሚነግረን የተለካ ርቀትና የተለካ ጊዜ ብቻ ነው።

ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ ቦታው ሩቅ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ሰፊ ሜዳ፣ አለካኩን በደረቅ መሬት ለመለማመድ ይመቻል፤ በጀልባዋ ፈንታ የሚሮጥ ልጅ ይበቃል። ለዋናው ሥራ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሐይቅ ሐይቅ አለ። 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውሃ ነው፤ በገጹ የሚፈስ መውጫ ወንዝም ስለሌለው ጀልባዋን ወዲያና ወዲህ የሚወስድ ጠንካራ ጅረት አያስቸግርም። ዓሣ አጥማጆች ያሉበትን ዳር ግን መራቅ ግዴታ ነው። በሰዓት 80 እና 90 ኪሎ ሜትር የምትበር ጀልባ ትንሽ ብትሆንም ሰው ትጎዳለች።

በመጀመሪያ ከውሃው ዳር 100 ሜትር በሜትር ለክተን በሁለቱ ጫፎች ችካል እንተክላለን። ከእያንዳንዱ ችካል ኋላ፣ ከውሃው ራቅ ብሎ፣ 5 ሜትር ላይ ሌላ ችካል ይቆማል። ከኋለኛው ችካል ጀርባ ሆነን ስናነጣጥር የፊተኛው በኋለኛው ሲሸፈን፣ ዓይናችን ወደ ውሃው የሚዘልቅ ቀጥ ያለ መስመር ያገኛል። የጀልባዋ አፍንጫ ያንን መስመር የነካበት ቅጽበት በሩን ያለፈችበት ነው። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን እኩል ርቀት ጠብቀው ከሄዱና ጀልባዋንም ከዳሩ ትይዩ ከነዳናት፣ በ10 ሜትርም ትለፍ በ40 ሜትር የምትሮጠው ያው 100 ሜትር ነው። ከዳር ያለውን ርቀት ማወቅ አያስፈልገንም፤ የዚህ ዘዴ ውበቱ ይህ ነው።

አደጋው መስመሮቹ ሲንሻፈፉ ነው። አንዱ በ2 ዲግሪ ብቻ ወደ ውጭ ቢያጋድል፣ ከዳር 40 ሜትር ላይ ጀልባዋ 1.4 ሜትር ትርፍ ትሮጣለች። ይህን ለመከላከል ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚጠቀሙበትን ሲባጎ እንዋሳለን። 12 ሜትር ሲባጎ በ3ኛውና በ7ኛው ሜትር ቋጠሮ ይደረግበትና ጫፎቹ ተጋጥመው በሦስት ማዕዘን ይወጠራል። ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ሲሆኑ በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ይሆናል። ይህን በሁለቱም በሮች ላይ ማድረግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ ለውጤቱ የሚጠቅመውም ይኸው ነው ባይ ነኝ።

ጊዜውን መያዝ ይከብዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ጀልባ 100 ሜትሩን በ3.6 ሰከንድ ትጨርሳለች። ጣታችን 0.2 ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ውጤቱ ወደ 95 ይወርዳል ወይም ወደ 106 ይወጣል። የመጀመሪያው በር ላይ የቆመው ልጅ «አለፈች!» ብሎ ቢጮህ ደግሞ ድምፁ ሁለተኛው በር ለመድረስ 0.29 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በጩኸት ፈንታ ባንዲራ ይውለብለብ። ከዚህም የሚሻለው ስልክ ነው። ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ሆነው ቪዲዮ መቅረጽ ይጀምሩ፤ ፊታቸው አንዴ ይጨብጨብ፤ ከዚያ ሳይቋረጡ ወደየበራቸው ተወስደው በመስመሩ ልክ ይቁሙ። ጭብጨባው የሁለቱ የጋራ መነሻ ሰዓት ይሆናል። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ተራ ስልክ አንዱን ምስል ከሌላው በ0.033 ሰከንድ ይለያል፤ ይህም ከእጅ በእጅጉ ይሻላል።

ራዳርና ጂፒኤስስ? ራዳር ለመኪና ጥሩ ነው፤ ለትንሽ የፋይበርግላስ ጀልባ ግን የሚመለስለት ማዕበል ደካማ ነው፤ ከኋላዋ የሚረጨው ውሃም ያሳስተዋል። ከጎን 20 ዲግሪ አዘንብለን ብንይዘውም ከእውነተኛው ፍጥነት 94 በመቶውን ብቻ ያነባል። ጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ጂፒኤስ ይሻላል፤ ሆኖም በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ በሁለት ምዝገባ መካከል ጀልባዋ 28 ሜትር ገደማ ትሄዳለችና ከፍተኛው ቅጽበት ሊያመልጠው ይችላል። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግበውን መምረጥ ይገባል።

አንድ የምወደው መንገድ አለ፤ ጆሮና ስልክ ብቻ ይበቁታል። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ጥሩንባ እየነፋ ሲያልፍ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም እንደሚለወጥ ሁሉም ሰምቷል። የጀልባዋ ሞተርም እንዲሁ ነው። ወደ እኛ ስትመጣ ድምፁ በሰከንድ 1,079 ጊዜ፣ ስትርቅ 932 ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ፣ የሁለቱን ልዩነት 147ን በድምራቸው 2,011 አካፍለን በድምፅ ፍጥነት በ343 ሜትር እናባዛለን። 25 ሜትር በሰከንድ ወይም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይወጣል። የድምፅ ፍጥነት በአየሩ ሙቀት ይለዋወጣል እንጂ በከፍታ መሳሳት አይለወጥም፤ 343 የ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቁጥር ነው።

ከፍታ የሚነካው ሞተሩን ነው። በሐይቅ ዳር አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል፤ በባትሪ የሚሠራው ግን አይነካም፤ የአየሩ ግፊያ ስለሚቀንስ እንዲያውም ትንሽ ይቀለዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ጀልባ ልሥራ ቢለኝ በባትሪ እንዲጀምር የምመክረው ለዚህ ነው።

ሩጫው ሁለት ጊዜ፣ በሄዱበት አቅጣጫና በመመለሻው፣ መሆን አለበት። ነፋስ ከኋላ የገፋት ጀልባ የራሷ ባልሆነ ፍጥነት ትመሰገናለችና። በትልልቆቹ ጀልባዎች የዓለም ክብረ ወሰን ዘንድ ይህ ሕግ ጥብቅ ነው። ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1967 በእንግሊዝ ኮኒስተን ሐይቅ ላይ በመጀመሪያው ሩጫ ወደ 479 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሶ፣ በመመለሻው ጀልባው ተገልብጦ ሞተ፤ ሁለተኛው ሩጫ ስላልተፈጸመ ክብረ ወሰን አልተመዘገበለትም። ኬን ዋርቢ በአውስትራሊያ ብሎወሪንግ ግድብ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1978 ያስመዘገበው 511 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሁለት አቅጣጫ አማካይ ነው።

በሐይቅ ዳርም ያው ነው። ስትሄድ 3.9 ሰከንድ፣ ስትመለስ 4.3 ሰከንድ ከወሰደባት ፍጥነቶቹ 92.3 እና 83.7 ናቸው፤ አማካዩ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ነው። አማካይ የሚወሰደው ከፍጥነቶቹ እንጂ ከሰከንዶቹ አይደለም። ደብተር ላይ የሁለቱም ሩጫ ጊዜ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የባትሪው ቮልት በመነሻና በመጨረሻ ይጻፍ። ከ88ቱም ጎን የስህተቱ መጠን፣ በዚህ አለካክ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው፣ አብሮ ይስፈር።