ኒቆዲሞስ፦ ጢስ ከመሬት ውስጥ የሚወጣባት መንደር

አሜሪካ ሲባል ለብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይሆናል። በዛሬው ጽሑፋችን ግን በካንሳስ ክፍለ ግዛት ስለምትገኝ ኒቆዲሞስ ስለምትባል አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር እንነግራችኋለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865 ነው። ነጻ የወጡት ጥቁሮች ግን አብዛኞቹ መሬት አልነበራቸውም። በ1862 የወጣ ሕግ ደግሞ መሬቱ ላይ ሰፍሮ አምስት ዓመት ለሚያለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል ይሰጥ ነበር። ይህን ተስፋ አድርገው በ1877 መስከረም ወር 300 ያህል ጥቁሮች ከኬንታኪ ተነሥተው ኒቆዲሞስ ደረሱ።

ሲደርሱ ያገኙት ግን እንደ ተነገራቸው አልነበረም። አገሩ ዛፍ የሌለበት ሜዳ በመሆኑ ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት አልተገኘም። ስለዚህ መሬቱን እየቆፈሩ ውስጡ ገቡ። በኋላ የመጡ መንገደኞች ከሩቅ ያዩት ቤት ሳይሆን ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጢስ ነበር። ብዙ ቤተሰቦች ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። የቀሩት ፈረስና ማረሻ ስላነሳቸው በአካፋና በዶማ ቆፍረው ዘሩ። በመጀመሪያው ክረምት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕንዶች ምግብ እንዳካፈሏቸው ይነገራል።

ልጆቻቸውን ለማስተማር ግን የተሻለ ጊዜ አልጠበቁም። የመጀመሪያዋ አስተማሪ ወይዘሮ ጄኒ ፍሌቸር ነበሩ፤ የፖስታ ቤቱንም ሥራ የያዙት እርሳቸው ናቸው። በ1878 ወደዚያ የመጡት ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆነው ተመረጡ። በ1887 መንደሯ ባንክ፣ ሆቴል፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት።

በዚያው ዓመት ነዋሪዎቹ ባቡር እንዲመጣላቸው 16,000 ዶላር በቦንድ ለመስጠት ድምፅ ሰጡ። ነገር ግን በ1888 ሐዲዱ ከወንዙ ማዶ በስተ ደቡብ አለፈ። ነጋዴዎቹም ሱቃቸውን ነቅለው ባቡሩን ተከተሉ። ኒቆዲሞስ ከዚያ ወዲህ አላደገችም፤ ሆኖም አልጠፋችም። በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተብላለች። የሰፋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆችም በየዓመቱ በሐምሌ ወር ከያሉበት እየመጡ ይሰበሰቡባታል።

ተማሪዎች! የኒቆዲሞስ ታሪክ የቆየው የሚያስታውሱና የሚጽፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እናንተም ወላጆቻችሁ የተወለዱበትን መንደር ማን እንደ ቆረቆረው ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ሳይረሳ በደብተራችሁ ላይ ጻፉት።