በረኪና ከጥርስ ሥር

ሩት ካናል በሚባለው ሕክምና ሐኪሙ የታመመውን ነርቭ በቀጫጭን ፋይሎች ፍቆ ያወጣል። ፋይል ግን ሁሉም ጋ አይደርስም። በጥርስ ሥር ውስጥ ያለው ቦይ ይታጠፋል፣ ይጠብባል፣ በጎንም ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ከግድግዳው ሲሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ብረት ሳይነካው ሊቀር ይችላል። የቀረውን ማጽዳት የማጠቢያው ፈሳሽ ሥራ ነው።

ከማጠቢያዎቹ ቀዳሚው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። በየከተማው ሱቅ ለልብስ ማንጫ የሚሸጠው በረኪና ዋና ንጥረ ነገር እሱው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኬሚስቱ ሄንሪ ዴኪን 0.5 በመቶ የሆነውን ለወታደሮች ቁስል ማጠቢያ አድርጎት ነበር፤ የጥርስ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 5.25 በመቶ ያለውን ይጠቀማሉ። ጀርም የሚገድል ሌላም ሞልቷል፤ በረኪናን የሚያስመርጠው የሞተ ሥጋ ማሟሟቱ ነው። ብርቱው ቶሎ ያሟሟል። ቀጭኑም ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ይሠራል፤ ክሎሪኑ እየሠራ ስለሚያልቅ አንዴ ጨምሮ መተው ዋጋ የለውም። ሙቀትና ብርሃን ኃይሉን ስለሚቀንሱት ቆላማ አገር ላይ አያያዙ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ክፋቱም የዚያኑ ያህል ነው። ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ወዲያው ከባድ ሕመም፣ እብጠትና ከቆዳ ሥር የደም መቋጠር ያስከትላል። ስለዚህ መርፌው በጎኑ ቀዳዳ ያለው ይሆናል፤ ከቦዩ መጨረሻ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቆማል፤ እንዳይሰነቀር ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ ሲሪንጁ በሌባ ጣት በዝግታ ይገፋል። አፍ በላስቲክ ሽፋን ይከለላል። ልብስም መሸፈን አለበት፤ አንድ ጠብታ የነጠላን ጥለት ያበላሻል።

በረኪና የማይነካው አንድ ነገር ፋይሉ ግድግዳው ላይ የሚለጥፈው ደቃቅ የጥርስ ዱቄት ነው። ይህን የሚያነሳው 17 በመቶ ኢዲቲኤ ነው፤ ኖርዌያዊው ኒጎርድ ኦስትቢ በ1957 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕክምና አስተዋውቆታል። ካልሲየም ይስባል እንጂ ጀርም በመግደል ደካማ ነው፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪኑን ያጠፋበታል።

ለአፍ መጉመጥመጫም የሚያገለግለው ክሎርሄክሲዲን በ2 በመቶ መጠን ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ጀርም መከላከሉን ይቀጥላል፣ ሥጋንም ያን ያህል አያቃጥልም። የሞተ ሥጋ ግን ስለማያሟሟ በረኪናን አይተካም። ሁለቱ ከተገናኙ ቡናማ ዝቃጭ ይፈጠርና ቦዩን ይደፍናል፤ በመካከላቸው በሳላይን፣ ማለትም በጨው ውሃ፣ መታጠብ አለበት። ሳላይን ለብቻው ጠራርጎ ከማውጣት አያልፍም።

ስለዚህ ፋይሉ እየሠራ ሳለ በረኪና ይፈስሳል፣ ፋይሉ ሲያበቃ ኢዲቲኤ ይከተላል፣ መዝጊያው እንደገና በረኪና ነው። ከዚያ ቦዩ በሾጣጣ ወረቀት ይደርቃል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ይሞላል፣ መግል ይዞ ከወጣ ግን ውስጡ መድኃኒት ተደርጎ መሙላቱ ለሌላ ቀጠሮ ይተላለፋል።