ዝም አሰኚው ኮንደንሰር

የሆርንቢን ወይም የባችማንን ሞዴል ሎኮሞቲቭ ቀፎ በቀጭን ካቻቢቴ ፈትተው ቢያነሱት፣ የሞተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ የተቀመጠ ትንሽ ክብ ጠፍጣፋ ኮንደንሰር ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። አንዳንዱ የባቡር አፍቃሪ ሎኮሞቲቩን ወደ ዲጂታል ሲቀይር የመጀመሪያ ሥራው ይህን ቆርጦ መጣል ነው። ሌላው ደግሞ «ፋብሪካው በከንቱ አላስቀመጠውም» ብሎ እጁን ይሰበስባል። እኔ ግን ሁለቱም ከመወሰናቸው በፊት በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ቢያነቡ እመርጣለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከካርቦኑ ነው። በሞተሩ ውስጥ ሁለት ካርቦኖች የሚሽከረከሩትን የመዳብ ቁራጮች እየታከኩ ኮረንቲ ያቀብላሉ። ካርቦኑ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ቀጣዩ ባለፈ ቁጥር ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታ ደግሞ በባሕርዩ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ሃዲድና ሽቦ አንቴና ሆኖ ያግዘዋል። በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በቪኤችኤፍ ሞገድ ይተላለፍ ስለነበር፣ ልጅ ባቡሩን ሲያስነሳ የጎረቤት ስክሪን በነጠብጣብ መሞላቱ የታወቀ ጣጣ ነበር። በ1949 የወጣው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሕግ መንግሥት እንዲህ ያለውን ረብሻ እንዲቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቶታል። ዛሬም በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሌላውን እንዳይረብሽ የሚያስገድድ መመሪያ አለ፤ ስለዚህ ኮንደንሰሩን የአያቶች ልማድ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

የድሮ ቮልስዋገን የጠገነ ሰው ከፕላቲናው ጋር የሚታሰረውን ኮንደንሰር ያስታውሳል፤ ይኸኛው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ጸንቶ ለሚፈስ ቀጥተኛ ኮረንቲ ዝግ ነው። ፈጣን ለሆነው የሬዲዮ ጫጫታ ግን አቋራጭ ይከፍትለትና ወደ ሃዲዱ ሳይወጣ እዚያው ሞተሩ ዘንድ ያስቀረዋል። መቆጣጠሪያው ሃዲዱን እስከ 12 ቮልት ድረስ ቀጥተኛ ኮረንቲ በሚመግብበት በቀድሞው አሠራር ማንንም አይጎዳም ነበር።

ይህን የለወጠው ዲሲሲ የሚባለው ሥርዓት ነው። መሠረቱን የጣለው የጀርመኑ ለንዝ ኩባንያ ሲሆን፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ ለሁሉም አምራች የሚሆን መለኪያ አደረገው። ሃዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ አለ፤ አቅጣጫው ግን ያለማቋረጥ ይገለባበጣል። በየ58 ማይክሮሰከንዱ ቢገለበጥ «አንድ»፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ቢቆይ «ዜሮ» ተብሎ ይነበባል። በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ዲኮደር ይህን አንብቦ፣ የተጠራው የእሱ አድራሻ ከሆነ ይታዘዛል። ሞተሩን የሚነዳው ደግሞ ሙሉውን ቮልቴጅ እያበራና እያጠፋ ነው፤ ለዝግታ አጭር፣ ለፍጥነት ረዥም ጊዜ እያበራ። ሞተሩ እንዳያንጎራጉር ሲባል ብዙዎቹ የዛሬ ዲኮደሮች ይህን በሰከንድ ከ16 ሺህ ጊዜ በላይ ያደርጉታል።

ቁጥሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኮንደንሰሩ ላይ 104 ከተጻፈ 100 ናኖፋራድ ነው፤ 103 ከሆነ 10 ናኖፋራድ። ዲኮደሩ 12 ቮልት በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ ቢያበራ፣ ትልቁን ኮንደንሰር ለመሙላትና ለማራገፍ ብቻ በግምት 0.29 ዋት ያወጣል። ለአምፖል ይህ ኢምንት ነው። ጥፍር ለሚያክል፣ አየር በሌለበት ቀፎ ለታፈነ ዲኮደር ግን የማይናቅ ሙቀት ነው፤ ባበራ ቁጥር የሚዘልለው ኮረንቲም አለ። በ10 ናኖፋራዱ ብክነቱ ወደ 0.03 ዋት ይወርዳል። አንዱ «ዲኮደሬ ይግላል» ሲል ሌላው «የእኔ ሳልነካው በሰላም ይሄዳል» የሚለው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላው ጉዳይ ልኬት ነው። ጥሩ ዲኮደር ኮረንቲውን ለቅጽበት አቋርጦ፣ በመሽከርከር ላይ ያለው ሞተር ራሱ የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ይለካል። ፍጥነቱን የሚያውቀውና ዳገት ላይ ኃይል የሚጨምረው በዚህ ነው። ኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረ ቻርጅ በዚያች ቅጽበት ከተቀላቀለ ልኬቱ ሊዛባ፣ ሎኮሞቲቩም በዝግታ ሲሄድ ሊንገጫገጭ ይችላል።

አንዳንዴ ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ይከፋል። ለቀጥተኛ ኮረንቲ የተሠራ የሃዲድ ማገናኛ ክሊፕ ውስጥም ኮንደንሰር አለ፤ ይህ የትእዛዙን ስለታም ጠርዝ ስለሚያደነዝዝ በዲጂታል ሃዲድ ላይ ቦታ የለውም። ሆርንቢም ለዲጂታል የተለየ ክሊፕ ይሸጣል። በአሮጌ ሎኮሞቲቮች ደግሞ አንዱ ካርቦን ራሱ ከቻሲው ጋር፣ ቻሲውም ከሃዲዱ ጋር ሊገናኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስለ ኮንደንሰር መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው፤ ሞተሩ መጀመሪያ ከሃዲዱ ካልተለየ ዲኮደሩ ገና ኮረንቲ ሲያገኝ ይቃጠላል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ፦ 103 ሆኖ ሎኮሞቲቩ በደንብ ከሄደ ይቀመጥ፤ 104 ከሆነ ወይም መንገጫገጭ ካለ ይውጣ። የቆረጠ ሰው የጎረቤቱን ሬዲዮ ኃላፊነት አብሮ ይወስዳል። መቁረጡ ቀላል ነው፤ ሁለቱ እግሮች በትንሽ መቁረጫ ይቆረጣሉ፣ ቀሪው ጫፍ ቻሲውን እንዳይነካ ይታያል። በአዳዲሶቹ ግን ኮንደንሰሩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ደቃቅ ቁራጭ ነውና ሙቀትና ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአጠገቡ ባለቀለም ቀለበት ያላቸው፣ ሬዚስተር የሚመስሉ ጥቅልሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ኮረንቲው ወደ ሞተሩ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ስለሆነ ቆርጦ መተው ሞተሩን ያቆመዋል፤ የሚወጡ ከሆነ በቦታቸው ሽቦ ይበየዳል።

ሥራው ሲያልቅ ሎኮሞቲቩ ወዲያው ዋናው ሃዲድ ላይ አይወጣም። ኮረንቲው ውስን በሆነ የፕሮግራም ሃዲድ ላይ ተቀምጦ አድራሻው ይነበባል፤ አዲስ ዲኮደር 3 ብሎ ይመልሳል። ካልመለሰ ቀፎው ሳይዘጋ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ።