በብር መዝገብ ውስጥ ፓውንድ

ከቃሊቲ ጉምሩክ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባድ መኪኖች በሚሰለፉበት መንገድ ዳር፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬና ፌሮ የሚያከማች መጋዘን አለ። የዕቃው መዝገብ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ ዋጋውም በብር። መዝገቡ ያለው መሃል ከተማ ባለ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ የመጋዘኑ ሠራተኞች በሊኑክስ ኮምፒውተሮቻቸው ተርሚናል ከፍተው በኤስኤስኤች ይገቡበታል። ችግሩን ያሳዩኝ ሒሳብ ሠራተኛዋ ናቸው። «ልጄ፣ እኛ በፓውንድ ገዝተን አናውቅም፤ ይሄ ምልክት ከየት መጣ?» አሉኝ።

የእንግሊዝ ፓውንድ ብቻውን አልነበረም። የጃፓን የን አለ፣ የአሜሪካ ሳንቲም አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ በአናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ‹ኤ› ትመላለሳለች። ከሁሉ የባሰው ጽሑፉ በቦታው አለመርጋቱ ነው። መስመር ሳይጨርስ ወደ ላይ ይወጣና ከበላዩ ባለው ላይ ይጻፋል፤ ደግሞ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንዴ የዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ጭራሽ አይታይም። አንድም የአማርኛ ፊደል የሌለበት የቁጥር ሰንጠረዥ እንኳ ከዚያ በኋላ ሲከፈት ዓምዶቹ ተዛንፈው ይመጣሉ።

በመጋዘኑ ፍርዱ ከተሰጠ ቆይቷል፦ «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም»። አዳዲስ ፋይሎችንም በላቲን ፊደል መሰየም ጀምረዋል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ የገዛ ፊደሉን ትቶ ለማሽን የሚገዛ መሥሪያ ቤት ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በሥራ አስኪያጁ ክፍል ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር በአማርኛ የተስተካከለ ነው። ያንኑ ሰርቨር፣ ያንኑ ፋይል ከዚያ ስከፍተው ጽሑፉ ያለ አንዳች እንከን ተነበበ። የፋይሎቹን ስም ኤልኤስ በሚባለው ትእዛዝ ስዘረዝር ግን «ሚስማር» የሚለው ስም በቁጥር ብቻ ወጣ፦ 341፣ 210፣ 232፣ 341፣ 210፣ 265፣ 341፣ 210፣ 233፣ 341፣ 210፣ 255። አንዱ ኮምፒውተር ይዘቱን አሳይቶ ስሙን ይደብቃል፤ ሌላው ይዘቱን ያተራምሳል።

ቁጥሮቹን ደጋግሜ አየኋቸው። «ሚስማር» አራት ፊደል ነው፤ ቁጥሮቹ 12 ናቸው። 341 በየሦስት እርምጃው ይመለሳል። ሌሎች ስሞችንም ፈተሽኩ፤ ፊደሉ ምንም ይሁን ምን በ341 ይጀምራል፣ ሁለተኛው ቁጥር ከ210 አያንስም፣ ከ215 አይበልጥም።

ይህ ሥርዓት እንጂ ብልሽት አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም፣ 345 ምልክቶችን ይዞ ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ደግሞ ከዚያ ቀድመው፣ በ1992፣ የዩኒኮድን ቁጥር በባይት የሚያሽጉበትን ዩቲኤፍ-8ን ነድፈዋል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። 341 በስምንት ቤት ስሌት የተጻፈ ሲሆን በተለመደው አቆጣጠር 225 ነው። በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ የኮድ ሰንጠረዥ፣ በላቲን-1፣ 225ኛው ምልክት ምን እንደሆነ ስመለከት ጭረት ያለባት ‹ኤ› ሆና አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ራሱን ገለጠ። አራት ነጥብ በ162 ያበቃል፤ በላቲን-1 ሳንቲም ነው። ነጠላ ሰረዝ በ163 ያበቃል፤ ፓውንድ ነው። ባለ ሁለት ነጥብ ሰረዙ (፥) በ165 ያበቃል፤ የን ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ያዩት ፓውንድ የገዛ መዝገባቸው ነጠላ ሰረዝ ነበር። ፊደሎቹ አንድም ሳይጎድል ከሰርቨሩ ደርሰዋል፤ ተርሚናሉ ግን ሦስቱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ከመውሰድ ይልቅ አንድ በአንድ ያነባቸዋል።

መስመሮቹ ወደ ላይ የሚወጡበትን ምክንያት ግን ይህ አይፈታውም። የአራት ነጥብን ሦስት ባይት ጻፍኳቸው፦ 225፣ 141፣ 162። ሁለቱን ዳርቻዎች አውቄያለሁ፤ መካከለኛው 141 ምንድን ነው? በላቲን-1 ከ128 እስከ 159 ያሉት 32 ቦታዎች የሚታይ ፊደል የላቸውም። የቁጥጥር ትእዛዞች መደብ ናቸው፤ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በ1983 ያወጣው ቪቲ220 ተርሚናል ይታዘዝላቸው ነበር፣ የእሱን ጠባይ የወረሰው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ የሚጠቀሙበት የተርሚናል ፕሮግራም ኤክስተርም ዛሬም ይታዘዛል። 141 «ከርሰሩን አንድ መስመር ወደ ላይ አውጣ» ማለት ነው።

በሒሳብ ሠራተኛዋ ተርሚናል ላይ አራት ነጥብ ብቻ እንዲታተም አዘዝኩ። ‹ኤ› ወጣች፤ የሳንቲሙ ምልክት ከበላይዋ ባለው መስመር ላይ ተቀመጠ። «ውይ! ነጥቡ ነው ሽቅብ የሚወስደው?» አሉ፤ ወንበራቸውን አስጠግተው አብረውኝ መፈተሽ ጀመሩ።

ነጥቡ ብቻ አልነበረም። ል፣ ው እና ግ እያንዳንዳቸው በ141 ያበቃሉ፤ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እነሱን ሳይነኩ ብዙ መሄድ አይቻልም። ፍ ሁለት 141 ስላላት ሁለት መስመር ታስወጣለች። ህ እና ቅ በ133 ያበቃሉ፤ እሱ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይጥላል። ሽቅቡና ቁልቁለቱ ከዚህ የመጣ ነው። ከሀ እስከ ሸ ያሉት ቤተሰቦች መካከለኛ ባይታቸው 136 ነው፤ ትርጉሙ «እዚህ ቦታ ላይ የታብ ማቆሚያ ትከል»። አንድ ገጽ አማርኛ ያለፈበት ተርሚናል በየሥፍራው ማቆሚያ ተተክሎበት ይቀራል፤ የቁጥር ሰንጠረዡ የተዛነፈው በዚህ ነው። ም በ157 ያበቃል፤ ይህ ለተርሚናሉ ለራሱ የሚላክ፣ በስክሪን ላይ የማይታይ መልእክት መክፈቻ ነው፣ ከኋላው ያለው ጽሑፍ የሚዋጠውም ስለዚህ ነው። ያንን መልእክት የሚዘጋው 156 የሚገኘው ደግሞ በሜ ውስጥ ነው። የፊደል ገበታችን ተራ ከአሮጌው የትእዛዝ ሰንጠረዥ ጋር እንዲህ ተገጣጥሞ ማየት፣ በሙያዬ ካየሁት ሁሉ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

መፍትሔው ከፍለጋው አጭር ነው። በሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ላንግ የሚባለው የቋንቋ ተለዋዋጭ ባዶ ነበር፤ ኤክስተርም ባዶ ሲያገኝ ወደ አሮጌው አነባበብ ይመለሳል። ቲመክስ የተባለውን ፕሮግራም ስንከፍት አማርኛው ሁሉ ወደ ሥር መስመር የተለወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተለዋዋጩን የአማርኛ ኢትዮጵያ ዩቲኤፍ-8 አድርገን እንደገና ሲገቡ መዝገቡ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተዛነፈ ተርሚናል ለገጠመው ደግሞ ሪሴት የሚለው ትእዛዝ የተተከሉትን ማቆሚያዎች ይነቅላል።

የሥራ አስኪያጁ ችግር ሌላ ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ሲገባ «አማርኛ ነኝ» ብሎ ለሰርቨሩ ይናገራል። ሰርቨሩ ዴቢያን ሊኑክስ ሲሆን የአማርኛ ሎኬል፣ ማለትም የቋንቋ ቅንብር፣ አልተዘጋጀበትም፤ የማያውቀውን ስም ሲሰማ ያለ ቋንቋ ይሠራል፣ ኤልኤስም ፊደሉን ስለማያውቀው በቁጥር ያትመዋል። በሎኬሎች ዝርዝር ፋይል ውስጥ ከአማርኛው መስመር ፊት ያለውን መሰላል ምልክት አንስቶ ሎኬል-ጄንን ማስኬድ በቂ ነበር። ሁለቱም ዳር ዩቲኤፍ-8 መናገር አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ያስተካከለ ሰው ግማሹን ችግር ይዞ ይቀራል።

ያልተፈታ ነገር አለ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ያለው አንድ ክፍል ይሰጣል፤ የእኛ ጨ፣ ጪ እና ሟ ግን በላቲን ልክ በተለካ ክፍል አይበቃቸውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ የተባሉት የፊደል ቅርጾች ለመጽሐፍና ለድረ ገጽ ያማሩ ናቸው፣ በተርሚናል ክፍል ውስጥ ግን ይጨናነቃሉ። በመጋዘኑ የፊደሉን መጠን ከፍ፣ የክፍሉን ስፋት ሰፋ አድርገን አቻችለነዋል። ለተርሚናል ታስቦ የሚሣል የአማርኛ ፊደል በጥራት የሚሠራ ሰው ቢነሣ ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

በላቲን የተሰየሙት ፋይሎች ወደ አማርኛ ተመለሱ። ቆርቆሮን አንዱ በ‹ኪው› ሌላው በ‹ኬ› እየጻፈ አንድ ዕቃ በተለያየ ስም ተመዝግቦ ነበር፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ከዝርዝሩ ፊት ተቀምጠው የትኛው የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩኝ።