ሹም በገዛ ከተማው ስለ መጠየቁ

በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባል የቆየ ተረት አለ። ነገር ግን ይህንኑ ተረት የሚያውቀው ሕዝብ ሌላም ጥበብ ነበረው። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። በሸንጎ ለመናገር የማይደፈረውን ነገር እረኛው ከብቱን እየነዳ በዜማ ያወጣዋልና፥ ዜማውን ያስተዋለ ገዥ አገሩ በምን እንደ ተቸገረ ይረዳ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የከተማውን ሹም ሥራ መርምሮ አስተያየቱን የሚጽፍ ሰው የሚሠራው የዚያን እረኛ ሥራ ነው። ልዩነቱ እረኛው ስሙን ሳይገልጥ በሜዳ ሲያልፍ፥ ጸሐፊው ግን ስሙን ፈርሞ ማስረጃውን ማቅረብ የሚገባው መሆኑ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የጉራጌ አገር ከተሞች፥ ይልቁንም የወልቂጤና የቡታጅራ ነገር ነው።

በዚያ አገር ሹምን መጠየቅ ከውጭ የመጣ እንግዳ ልማድ አይደለም። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ በሚባለው ሸንጎ፥ ክስታኔም በጎርደና ሴራ፥ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ከመክፈቱ አስቀድሞ በአደባባይ ሲከራከሩና ሲዳኙ ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት የምሑሯ ሴት የቃቄ ውርድወት ሴቶችን አስከትላ በየጆካ ሽማግሌዎች ፊት በመቆም፥ የጋብቻው ሥርዐት ወንዱን ብቻ የሚጠቅምበትን ምክንያት እንዲያስረዷት ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ በዚያ ዘመን ሕግ አውጪም ዳኛም ነበሩና፥ ጥያቄዋ በዛሬው አነጋገር የመንግሥትን አሠራር መንቀፍ ነበረ ማለት ነው። ታሪኳ በቴአትር መድረክ ሲታይ የሚያጨበጭብላት ሹም ብዙ ነው፤ እንደ እርሷ ያለች ሴት ጄሪካን ይዛ ከቢሮው ደጃፍ ስትቆም ግን የሚቀበላት ስንቱ ነው?

ጄሪካን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከዋቤ ወንዝ ብዙ ሳትርቅ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሆኖም ነዋሪዎቿ የሚጠጣ ውሃ በማጣት ለብዙ ጊዜ ሲያመለክቱ ቆይተዋል። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. ባዶ ጄሪካን ይዘው አቤት ለማለት ወደ አደባባይ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ቢያንስ 3 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ ለሕዝብ አስታውቋል።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ይህን ነገር ወደ ኋላ ተመልሰን እንመርምረው። ውሃ በአንድ ቀን አይጠፋም። አስቀድሞ አንድ ሰፈር ለሳምንት ይደርቃል፤ ቀጥሎ ፓምፑ ተበላሸ ይባላል፤ ቀጥሎ መለዋወጫው ይመጣል ተብሎ ቀን ይቀጠራል፤ ቀኑም ያልፋል። በዚህ ሁሉ መካከል «ፓምፑ የተበላሸው መቼ ነው? ለጥገናው ስንት ብር ተመደበ? ገንዘቡስ ከማን እጅ ነው?» ብሎ በጽሑፍ የሚጠይቅና በጽሑፍ መልስ የሚቀበል ሰው ቢኖር፥ ነገሩ ወደ ጎዳና ከመውጣቱ በፊት ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ በቻለ ነበር። የመሠረት ድንጋይ በሚጣልበት ቀን ካሜራ የያዘ ሰው አይታጣም፤ ድንጋዩ ሣር ሲያበቅል ግን ለማየት የሚሄድ የለም።

በእነዚያው ዓመታት የአካባቢውን ጸሐፊዎችና ተናጋሪዎች ሁሉ አሳብ የያዘው ሌላ ትልቅ ጥያቄ ነበር። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ዞኑ ራሱን የቻለ ክልል ይሆን ዘንድ ወሰነ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች ዞኖች ጋር በአንድ ክልል የመደራጀቱን አሳብ በድምፅ ብልጫ ሳይቀበለው ቀረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ግን የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ስለዚህ ጉዳይ እጅግ ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ክልሉ በየትኛውም ስም ቢጠራ ውሃው ለየትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ የሚወስነው እዚያው ከተማ የተቀመጠ ሠራተኛ ነው። ስለ ክልልነት መቶ ገጽ የጻፈ ብዕር ስለዚህ ሠራተኛ አንድ ገጽ አለመጻፉ ያስገርማል።

ሹሙ «ጉዳዩ የበላይ አካል ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ለትልቅ የውሃ ግንባታ የክልልና የፌዴራል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አይካድም። ነገር ግን ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የያኔውን ደቡብ ክልል ጨምሮ በአራት ክልሎች በጀት በጥቅል ለወረዳዎች ይሰጥ ጀምሯል፤ ይኸውም ውሳኔውም ጥያቄውም ወደ ታች እንዲወርድ ታስቦ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፥ ሹምም በጉድለቱ ይጠየቅ ይላል፤ ሕዝቡ እምነት ያጣበትንም ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። ታዲያ ይህ የሚሠራው ተወካዩ በወቅቱ ሲመረጥ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ይደረግ የነበረው ተላለፈ፤ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ምርጫም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር የአካባቢ ምክር ቤት አልተመረጠም። ድምፅ መስጫው ሳጥን በዘገየ ቁጥር በብዕሩ ላይ የሚወድቀው ሸክም ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ስለ ጸሐፊዎቹ እንናገር። በየከተማው የሚነበበውና የሚሰማው አስተያየት አብዛኛው ስድብ ነው፤ ሹሙ የማን ዘር እንደ ሆነ ይነገርበታል፥ የሠራውና ያልሠራው ግን አይነገርበትም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሹሙን አይጎዳውም፤ ይልቁንም ከመልስ ነፃ ያወጣዋል፤ ለተሳደበ ሰው መልስ ያለመስጠት እንደ ጨዋነት ይቆጠራልና።

ለዚህ መድኃኒቱ ከራሷ ከቡታጅራ ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራን ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፥ በቡታጅራና በዙሪያዋ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ መመዝገብ ጀመሩ። መዝጋቢዎቹ ማንንም አልከሰሱም፥ ማንንም አላመሰገኑም፤ ቆጠሩ ብቻ። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ ቀበሌ ሕፃናት አይሞቱም ብሎ ሊናገር የሚችል ሰው አልነበረም። የከተማ ጉዳይ ጸሐፊም እንዲሁ ቢያደርግ፥ በአንድ ሰፈር ቧንቧ የተከፈተባቸውን ቀናት ለ3 ወር በደብተሩ ቢመዘግብ፥ ጄሪካን ውሃ በጋሪ ስንት ብር እንደ ተሸጠ ቢጨምርበት፥ ይህንንም ከማተሙ በፊት ለውሃ አገልግሎቱ ኃላፊ ሰጥቶ መልሱን ከጽሑፉ ጎን ቢያወጣው፥ ዘለፋ ከሞላበት መቶ ገጽ የበለጠ ይሠራል።

ለሹማምንቱም የምንለው አለን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ለጠየቀው ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ ነበር፤ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህም የወረዳ በጀት ማንም ሊያነበው በሚችል አጻጻፍ በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተሞክሯል። የጉራጌ ሕዝብ ሒሳብ የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ አዋጥቷል። ከኪሱ ያዋጣ ሰው ስለ ብሩ ቢጠይቅ ማንም አልተቆጣውም፤ ግብር የከፈለውም ያው ሰው ነው።

የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ይህን ሥራ ሊጀምር የሚወድ ወጣት ቢኖር፥ በዚያ ሳምንት ደብተሩን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይሂድ፤ በሰሌዳው ላይ ለውሃ የተመደበውን ገንዘብ ይገልብጥ፤ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ቢያገኘውም ቀኑን ጨምሮ ይህንኑ ይጻፍ።