የዳሌ መጋጠሚያ ከተቀየረ በኋላ በቤት ማገገም

ይህን ወረቀት የያዛችሁ አዲስ አንባቢዎችም እያነበባችሁ ተከታተሉ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጤና ነው። የዳሌ መጋጠሚያው በቀዶ ጥገና የተቀየረለት ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ማድረግ አለበት? ምንስ ማድረግ የለበትም?

በአንድ ታሪክ ልጀምር። አክስቴ ለብዙ ዓመት ዳሌያቸውን ሲያማቸው ኖሩ። በመጨረሻ መራመድ አቃታቸው። ሆስፒታል ገብተው መጋጠሚያው ተቀየረላቸው። በደህና ወጡ። ቤት ከገቡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡና ሊያፈሉ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሲነሡ ዳሌያቸው ቋ አለ። እግራቸው አልረግጥ አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ወጌሻ ይጠራ!» አለ። ልጃቸው ግን እምቢ ብሎ ሆስፒታል ወሰዳቸው። አዲሱ መጋጠሚያ ወልቆ ኖሯል። ሐኪሞች በማደንዘዣ አስተኝተው ወደ ቦታው መለሱት። ዛሬ አክስቴ ደህና ናቸው፤ ገበያም ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ስቃይ ግን የመጣው በአንዲት በርጩማ ነው። ስለ በርጩማ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ መጋጠሚያው ምን ይመስላል? ሙቀጫና ዘነዘና አስቡ። የጭን አጥንት ጫፉ ክብ ነው። የዳሌ አጥንት ደግሞ ጎድጓዳ ቦታ አለው። ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞር ክቡ አጥንት በጎድጓዳው ውስጥ ይዞራል። በሁለቱ መካከል ለስላሳ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ያን ጊዜ ሕመሙ ይጠናል። ሐኪሙ የተጎዳውን ያወጣና በብረትና በጠንካራ ፕላስቲክ ይተካዋል። ዛሬ ለሚሠራበት ዘዴ መሠረት የጣሉት ጆን ቻርንሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። ይህም እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር።

ብረቱ አዲስና ጠንካራ ነው። በዙሪያው ያለው ሥጋና ጅማት ግን ገና ቁስለኛ ነው። ዘነዘናው ከልክ በላይ ካዘነበለ ከሙቀጫው ይወጣል። ሥጋው እስኪጠነክር ድረስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል።

ሦስት ነገሮችን አታድርጉ።

1ኛ፣ ዝቅ ብላችሁ አትቀመጡ። ስትቀመጡ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ በላይ አይውጣ። በርጩማ፣ ዱካና ዝቅተኛ መደብ ይቅሩ። ከመሬት ዕቃ ለማንሣትም አትጎንበሱ።

2ኛ፣ እግር በእግር ላይ አታነባብሩ። በጎን ስትተኙ በሁለቱ እግሮች መካከል ትራስ አድርጉ።

3ኛ፣ እግራችሁን ወደ ውስጥ አትጠምዝዙ። መዞር ስትፈልጉ በትንንሽ እርምጃ መላ ሰውነታችሁን አዙሩ።

ሐኪሞች የሚቀዱበት አቅጣጫ ይለያያል። ስለዚህ ትእዛዛቸውም ይለያያል። የእናንተ ሐኪም ያላችሁን ተከተሉ።

ቤቱን ማሰናዳት ያለባችሁ በሽተኛው ከመግባቱ በፊት ነው። ከፍ ያለ ባለ መደገፊያ ወንበር ፈልጉ። አልጋው ዝቅ ካለ ከፍ አድርጉት። ሽንት ቤቱ በቁጢጥ የሚቀመጡበት ከሆነ ጠንካራ ወንበር መሐሉን ቆርጣችሁ ከጉድጓዱ በላይ አቁሙ። ወንበሩ እንዳይነቃነቅ ፈትኑት። እግር የሚያደናቅፍ ምንጣፍና ገመድ አንሡ። ለሌሊት መብራት አዘጋጁ። ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። እንጀራውንም ሌላ ሰው ይጋግር። መስገድ የለመደ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፣ ለጊዜው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጸልይ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ። ጠያቂ ሲመጣ «አይነሡ እትዬ፣ እኛ አለንልዎት» ይላል። ይህ ፍቅር ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ መተኛት ይጎዳል። ደም በእግር ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ተራመዱ። አልጋ ላይ ሳላችሁም የእግራችሁን መዳፍ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት ሕመሙ ስለቀለለ ብቻ አታቋርጡ። አንዳንድ ሰው እስከ 5 ሳምንት ድረስ ይታዘዝለታል።

ለመራመድ መጀመሪያ ክራንች ወይም ባለ አራት እግር መደገፊያ ያዙ። በኋላ አንድ ከዘራ ይበቃል። ከዘራውን በየትኛው እጅ? በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም። ስትወርዱ የታመመው እግር ይቅደም።

ቁስሉን በንጽህና ያዙ። ክሩ እስኪወጣና ቁስሉ እስኪደርቅ ውኃ አታስነኩት። ጠበልም ቢሆን እስኪደርቅ ይቆይ። ቅቤም ቅጠልም አታድርጉበት።

የሚከተሉትን ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ፦

ባት ሲያብጥና ሲያም፣
ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፣
ትኩሳት ሲመጣ፣ ቁስሉ ሲቀላ ወይም መግል ሲወጣ፣
ዳሌው ድንገት ቋ ብሎ እግሩ ሲያጥር፣ ሲጠመዘዝ ወይም አልረግጥ ሲል።

ወጌሻ ለብዙ ሰው ደራሽ ነው፤ አንንቀውም። ለዚህ ሕመም ግን ወጌሻ አይጠራ። የወለቀ የብረት መጋጠሚያ በእጅ ቢጎተት አጥንት ሊሰበር ይችላል። ያበጠ ባትም አይታሽ። የረጋው ደም ሊነቀልና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና።

እንግዲህ አድማጮች፣ የዛሬውን ባጭሩ እናስታውስ። ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። በየቀኑ ተራመዱ። መድኃኒቱን አታቋርጡ። አደጋ ስታዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በመንደራችሁ ዳሌው የተቀየረለት ሰው ካለ ልትጠይቁት ስትሄዱ ይህን ወረቀት አንብቡለት። ማንበብ መቻላችሁ ለጎረቤታችሁም ይጥቀም። ደህና ሁኑ።

ጥያቄዎች

1. አክስቴን ለጉዳት የዳረጋቸው ምንድን ነው?
2. የዳሌ መጋጠሚያ በምን ይመሰላል?
3. ቀኑን ሙሉ መተኛት ለምን ይጎዳል?
4. ደረጃ ስትወርዱ የትኛው እግር ይቀድማል?
5. ዳሌው የወለቀበትን ሰው ወዴት ትወስዱታላችሁ?