ካቡንም እዩልኝ

የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን ከአየር የተነሣበትን ፎቶ ያላየ ሰው አሁን ብዙ አይገኝም። በታረሰና በተጋጠ መሬት መሃል ክብ አረንጓዴ፣ በእምብርቱ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ጣሪያ። አገሩ ሁሉ ስለ ዛፉ ያወራል፤ ይገባዋል። የእኔ ዓይን ግን ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ ጠርዙ ነው። በአንዳንዱ ደን ዙሪያ ቀጭን ግራጫ መስመር አለ። እሱ ካብ ነው፤ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ በድንጋይ ላይ ድንጋይ ተካቦ የቆመ አጥር። ደኑን ላለፉት ዓመታት ካገዙት ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ሥራ ሠርቶ ይህን ያህል የተረሳ አላውቅም።

ስለ ደኖቹ ራሳቸው ብዙ አልልም፤ ደብር ባለበት ጽድና ወይራ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው በ«እመጓ» ልቦለድ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ከደኖቹ ትንሹ 1.6 ሄክታር ነው፣ ትልቁ 100። ዙሪያቸው ማሳና የግጦሽ መሬት ነው፤ ደኑን የሚጎዳው ከብትም የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ አባባል አለ፤ ከገበሬም፣ ከተማረውም ሰው አፍ እሰማዋለሁ። «ዛፉ ቢያልቅም ዘሩ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ቀን ሲወጣለት ይበቅላል» ይላሉ። ደግ ተስፋ ነው፤ ለአረም እውነት ነው፤ ለወይራና ለጥቁር እንጨት ግን አይሠራም። ይህን የምናውቀው በግምት አይደለም። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደጋ ደኖቻችን፣ በኋላም ከዶክተር ዓለማየሁ ጋር በአብያተ ክርስቲያናቱ ደን፣ አፈሩን ራሱን ጠይቀውታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከደኑ ወለል አፈር በየንብርብሩ ይቆረጣል፣ በሳጥን ውስጥ ይነጠፋል፣ ውኃ እየጠጣ ይቆያል፤ ከዚያ ምን እንደበቀለ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሚበቅለው ብዙ ነው፤ ሲለይ ግን አብዛኛው ሣርና ቅጠላ ቅጠል ሆነ። ደኑን ደን የሚያሰኙት ትልልቅ ዛፎች ከዚያ ሳጥን ውስጥ ከስንት አንዴ ነው ብቅ የሚሉት።

ለምን? የብዙዎቹ ዘር አፈር ውስጥ የመቆየት ዐቅም የለውም። የጥቁር እንጨት ፍሬ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ቶሎ ካልበቀለ ይሞታል። ከተረፈውም አብዛኛውን በጥቂት ወራት ውስጥ አይጥና መሰሎቿ ይጨርሱታል። እንግዲህ እነዚህ ዛፎች ለነገ የሚያስቀምጡት ዘርን ሳይሆን ችግኝን ነው። ከእናትየው ጥላ ሥር ጣት የሚያህል ችግኝ ሆነው ለዓመታት ይቆያሉ፤ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ ያኔ ሽቅብ ይመዘዛሉ። የደኑ ጥሪት ማለት እነዚያ ከቁርጭምጭሚት የማያልፉ፣ ማንም ልብ የማይላቸው ቡቃያዎች ናቸው።

እነሱ ደግሞ ለላም አንድ ጉርሻ ናቸው።

ካቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ የሎል፣ የጽድ፣ የወይራና የጥቁር እንጨት ችግኞችን በታጠረና ባልታጠረ ቦታ እያነጻጸሩ ሲከታተሉ ከብት ያልደረሰበት ቦታ በጉልህ በለጠ። ለማየት ምርምር ጣቢያ መሄድ አያስፈልግም። ካብ በሌለው ደን ጠርዝ ላይ ያለችን ወይራ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ፍየል በየጊዜው ስለቀነጠባት ቅርንጫፏ ታምቆ፣ ቅጠሏ ደቆ፣ ከጉልበት በታች ድብልብል ብላ ቀርታለች። ግንዷን ብትመለከቱ ዕድሜዋ ከቁመቷ ጋር አይገናኝም። በካብ በታጠረ ደን ውስጥ ያለችው እኩያዋ ከሰው ቁመት አልፋለች።

«ካብማ ድሮም ነበረ» የሚሉኝ አሉ። የነበረው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚከበው የውስጥ ቅጽር ነው። ከሱ ውጭ ያለው ደን በብዙ ቦታ ለከብት ክፍት ነበር። ደኑን በሙሉ የሚያቅፍ የውጭ ካብ በየደብሩ መሠራት የጀመረው ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። ካህናቱ የደናቸውን የሳተላይት ምስል አዩ፣ መከሩ፤ ገንዘብ ከውጭ መጣ፣ ድንጋይና ጉልበት ከአገሬው።

ድንጋዩ የሚለቀመው ከማሳ ነው፤ የዚህ ሥራ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ አባት ድንጋይ ተሸክመው ሲወጡ «ልርዳዎት አባቴ» ብላቸው «ተወኝ ልጄ፤ ይሄ ድንጋይ ስንት ዓመት ማረሻዬን ሲሰብር የኖረ ነው፤ ዛሬ ገና ለቁም ነገር ዋለ» አሉኝ። ደኑ ታጠረ፣ ማሳውም ጸዳ።

አካካቡ ሙያ ይጠይቃል። መጀመሪያ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ከባዱ ድንጋይ ታች ይቀመጣል። ሁለት ፊት ጎን ለጎን እየተካበ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ዘመም ይላል፣ መሃሉ በደቃቅ ድንጋይ ይሞላል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል። በየመሃሉ ሁለቱን ፊት አቋርጦ የሚያስር ረጅም ድንጋይ ይገባል፤ እሱን የዘለለ ካብ ሆዱን ነፍቶ ይናዳል። ጭቃ አለመኖሩ ጉድለት አይደለም። የክረምት ጎርፍ በስንጥቁ ያልፋል፤ ካቡን አይገፋውም።

አሁን ወቀሳዬን ልናገር። መንገድ ለማሳጠር ካብ የምትንዱ ሰዎች፣ ሦስት ድንጋይ ነው ያነሣነው አትበሉ፤ ጥጃ በዚያው ይገባል፣ ከኋላው መንጋው። በሩን ከፍታችሁ የምትተዉም እንዲሁ። ካቡ ውስጥ ደግሞ «ግቢው ይጽዳ» ብላችሁ ከዛፍ ሥር ያለውን ሁሉ የምትመነጥሩ፣ የምትመነጥሩት ያንኑ የደኑን ጥሪት ነው። ደኑ ውስጥ ባሕር ዛፍ የምትተክሉም አላችሁ፤ ለማገዶ ያስፈልጋል፣ አልክድም፤ ቦታው ግን ከአገር በቀሉ ዛፍ መሃል አይደለም።

አዲስ ለምትክቡ አንድ ምክር አለኝ። ካቡን ከመጨረሻው ዛፍ ግንድ አታስጠጉት፤ መሬቱ ከተፈቀደ ራቅ አድርጉት። ወፍ የጽድና የወይራ ፍሬ በልታ ዘሩን ከጥላው ውጭም ትጥላለች፤ ደኑ የሚሰፋውም በዚያ በኩል ነው። መስከረም ላይ ደግሞ ክረምቱ የናደውን ማን እንደሚክበው ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ይወስን፤ ለየሰፈሩ ድርሻው ተለክቶ ይሰጠው።